ቫኗ ሁለት ሰው ነው ምትፈልገው

ሰላም ነው አንተ የጠፋህ ሰውዬ፣

እንዴት ከረምክ፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ? እናትህን በቀደም ቀበና ድልድዩ ጋ አግኝቻቸው "ደህና ነው፣ ይደውላል" አሉኝ፣ እንግዲህ ለሳቸው ከደወልክ ይበቃል። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ሽማግሌ ቢቀመጥም አይፈታውም፣ እንለፈው። ካንተ መጨረሻ የደረሰኝ ያቺ የካናዳዋ ዊስለር ፎቶ ናት፣ የቫንህን የጎን በር ከፍተህ እግርህን አንጠልጥለህ ቡና ስትጠጣ፣ ከኋላህ ሳይክሎቹ በወንበር ሊፍት ተንጠልጥለው ተራራ ሲወጡ። እኔ እዚህ ፔዳል ስረግጥ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ሲደርስ ለካ እናንተ ሳይክሉን ራሱ አሳፍራችሁ ነው ምታወጡት! ያኔ ምንም ሳልመልስልህ ቀረሁ፣ ቅናት ነው፣ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

አሁን የምጽፍልህ እኔም ሳይክል ጭኜ ተራራ የምወጣባትና የማድርባት ቫን ስላለኝ ነው፣ ከዛ በሳይክል ቁልቁለቱን መውረድ ነው። አሮጌ ዶልፊን ናት፣ ናፍጣ፣ ድሮ ዕቃ ትጭን የነበረች ስለሆነ ወንበሮቿ ከኋላ ቀድሞውኑ የሉም። ርካሽ ነው የገዛኸው እንዳትለኝ፣ በ2016 ከኤሌክትሪክ ውጪ ያለ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ተብሎ የሚናቅ መኪና የለም እዚህ። ውስጧን በሞራሌና በችፑድ አልጋ አሰራሁላት፣ ከላይ ስፖንጅ፣ ከታች ባዶ፣ ሳይክሎቹ የፊት ጎማቸው ይፈታና አልጋው ስር ይገባሉ። ብርድ ልብሱንና ሸራውን ሚሊተሪ ተራ ነው የገዛሁት። በቃ ይሄ ነው፣ መጋረጃ ምናምን የለም። ሌሊቱን የሰንሰለት ዘይት እየሸተተህ ትተኛለህ፣ ግን ይለመዳል።

ቦታው እንጦጦ ነው። አንተ ስትሄድ እንጦጦ ማለት ማርያምና ባህር ዛፍ ነበር አይደል፣ ከ2013 ጀምሮ ፓርክ ሆኗል፣ የሳይክል መንገድ፣ ፈረስ፣ ዚፕ ላይን፣ ካፌ፣ ሁሉ አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት። እንደናንተው ለሳይክል መውረጃ የተሰራ ባይክ ፓርክ ነው ብዬ ግን አላጋንንልህም። እናንተ ጋ መውረጃው ሁሉ ከቀላል እስከ ከባድ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር ተብሎ ተለይቶ ታፔላ ቆሞለታል፣ እኛ ደግሞ ከተሰራው የፓርክ መንገድ ወጣ ስትል ምልክትህ የአህያ ፋንድያ ነው። ፋንድያው ትኩስ ከሆነ አህያ ተጭና ወርዳበታለች ማለት ነው፣ እሷ ከወረደች እኔም እወርዳለሁ። ፋንድያ ከሌለ ወርጄ እገፋለሁ፣ እስካሁን ይሄ ህግ አላሳፈረኝም።

እኔና አማቼ የምናድረው ፓርኩ ውስጥ አይደለም፣ ከጀርባ በሱሉልታ በኩል ነው። እዛ አንድ አባባ አሉ፣ ግቢያቸው ሰፊ፣ ላሞች አሏቸው፣ መጀመሪያ ቀን ቆመን ማደር እንችላለን ወይ ብለን ስንጠይቅ ኦሮምኛዬን ሰምተው ከሳቁ በኋላ "የእግዜር እንግዳ ይጠየቃል እንዴ" አሉን። ብር ብሰጣቸው ተቆጡ። አሁን ስኳርና ቡና ይዤ ነው ምሄደው፣ ጠዋት "አካም ቡልተን" ስላቸው ልጅቷ ወተት በጣሳ ይዛ ትመጣለች፣ ከተማ የሚሸጠው ወተት ከዚህ ጋር ዘመድ አይደለም። ውሻቸው ግን እኔን እስካሁን አልተቀበለኝም።

አዳራችንን ልንገርህ ምክንያቱም ያንተ ቫን ማሞቂያ ምናምን ስላላት ሁሉም እንደዛ ይመስልሃል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ያደረ ቫን መስታወቱ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ብርድ ልብሱ ይረጥባል፣ ስለዚህ ቢበርድህም መስኮቷን በጣት ልክ ትከፍታታለህ። ከሰል ደግሞ በፍጹም ወደ ውስጥ አይገባም፣ ይሄን ላንተ አልነግርህም ነበር ግን እዚህ በየዓመቱ ምድጃ አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኝቶ በዛው የሚቀር ሰው አለ፣ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አይጠፋም፣ አይሸትም አይታይም። ቡናውን ውጪ አፍልተን ጠጥተን ከሰሉን አፈር አልብሰነው ነው ምንገባው። ጫማም ውጪ አያድርም፣ ጅብ ቆዳ ይወዳል። ሌሊት ቫኗን ዞሮ ሲያሸት ትሰማዋለህ፣ ያ ትንፋሹ፣ ከዛ ውሻው፣ ከዛ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ። አንተ እኮ ድሮም ጅብ ስትሰማ ተረት ማውራት ነበር ምትጀምረው፣ ፍርሃትህን ለመደበቅ።

ምግብ ላይ ሽሮና ድርቆሽ የመሰለ ነገር የለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልሃል፣ ሲፈላ ታየዋለህ ግን ትኩሳቱ አይበቃም፣ ባቄላ ብትጥድ እስከ ምሳ ትጠብቃለህ፣ ሥጋማ ተወው። ሽሮ ምንም አይለውም። ድርቆሹን ፈትፍተህ ጉርሻ ነው። ጠዋት በሶ በጥብጠህ ኪስህን ቆሎ ትሞላና መውጣት ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገርህ። የእንጦጦ ጀርባ ውሃ የሚለያይበት ነው፣ ሱሉልታ በኩል የወረደው ሙገር ገብቶ አባይ ይገባል፣ አዲሳባ በኩል የወረደው በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቅለታል። እና ሳህን አጥበን እጣቢውን ስንደፋ በሱሉልታ በኩል ከሆነ ለግብጽ ላክንላት፣ በአዲሳባ በኩል ከሆነ አፋር ቀረ እየተባባልን እንስቃለን፣ ሳሙናውን ግን እዚያው ጉድጓድ ነው ምንደፋው፣ ቀልድ ነው።

አሁን ወደ መውረዱ። ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሯጮቹ ብቻ ናቸው ያሉት፣ በቡድን ሆነው ዝም ብለው ያልፉሃል፣ አቀበት ላይ በሳይክል ሆነህ በእግሩ የሚሮጥ ሰው ሲያልፍህ ምን እንደሚሰማ አትጠይቀኝ። መቀመጫህን ዝቅ ታረጋለህ፣ ጎማህን ታስተነፍሳለህ (ጎሚስታው ምንም ብትነግረው ድንጋይ አርጎ ነው ሚሞላልህ፣ ለአፈር የሚያስፈልገው የአየር ግፊት ከ30 ፒኤስአይ በታች ነው፣ እዛው ላይ ሽሽሽ እያረግክ ታወጣለህ) ከዛ ክብደትህን ወደኋላ ሰጥተህ ትለቀዋለህ። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ ውስጡ ገብተህ ከያዝክ ጎማው ይሸሽሃል፣ ምክንያቱም መሬቱ በባህር ዛፍ ቅጠልና በፍሬው የተሸፈነ ነው፣ ያቺ ጠንካራ ትንሽዬ ፍሬ ጎማ ስር ትሽከረከራለች። ይሄ ዛፍ ከአውስትራሊያ በምኒልክ ዘመን ለማገዶ ብለው ያመጡት ነው፣ ሳይክል የሚነዳ ሰው አላሰቡም መቼም። ልጡ በረጅሙ ተልጦ ይወድቅና የኋላ ማርሽህ ውስጥ ይጠመጠማል፣ ቆመህ በጣትህ እየጎተትክ ታወጣዋለህ፣ እርጥብ ከሆነ ጣትህ እስከ ማታ ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይላል። የከፋው ጉቶው ነው። ቆርጠውት ቁርጭምጭሚት የምታክል ጉቶ ሳር ውስጥ ትቀራለች፣ ከጎኗ እንደገና ያቆጠቁጣል ስለዚህ ለጋ ቅጠል ብቻ ነው ምታየው፣ ፔዳልህ ሲነካት በአየር ላይ ነህ።

እና እንጨት የሚሸከሙት እናቶች። እነሱ አሁንም አሉ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል፣ አጎንብሰው መሬት መሬቱን ስለሚያዩ አንተን ከፊታቸው እስክትቆም አያዩህም፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ አንዴ ከቆሙ እንደገና መነሳቱ ነው ጣጣው። ስለዚህ እኛ ነን ምንቆመው፣ ሩቅ ሆነን፣ ሳይክሉን አንስተን ጫካው ውስጥ። አንዳንድ ልጆች ደወል እየደወሉ በአጠገባቸው ሲምዘገዘጉ አያለሁ፣ በጥፊ ነበር። አንድ ቀን ሳይክሌን ተሸክሜ ዳር ቆሜ ሳለ አንዷ ቀና ሳትል "ያንተ ደግሞ የምን ሸክም ነው?" አለችኝ። ሳይክል ነው አልኳት። "እኔስ ይሄን ሸጬ እበላለሁ፣ አንተ ያንን ተሸክመህ ምን ልትሆን ነው?" ብላ አለፈች፣ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ እየሳቁ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

እንግዲህ ችግሩ ምኑ ላይ መሰለህ፣ ታች ሽሮ ሜዳ ከደረስክ በኋላ ቫኗ እዛ ተራራው ጫፍ ናት። ሊፍት የለም። በፔዳል ልመለስ ብትል ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ በዛ ስስ አየር፣ አንዴ ትወጣዋለህ ሁለተኛ ግን አትወርድም፣ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ አንዱ ሲወርድ ሌላው ቫኗን ይዞ ታች መጠበቅ አለበት፣ በተራ። ይሄ የድሃ ሊፍት ነው እንዳትለኝ፣ ማውንቴን ባይክ ራሱ ሲጀመር ካሊፎርኒያ ማሪን በሚባለው ቦታ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደዚህ ነበር፣ ከባባድ አሮጌ ሳይክሎችን በፒካፕ ጭነው ተራራ አውጥተው ነበር ሚለቁት፣ አንዱን ቁልቁለት ሪፓክ ያሉት ፍሬኑ ውስጥ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ታች ሲደርሱ እንደገና መሙላት ስለነበረባቸው ነው። ሊፍቱ ኋላ የመጣ ቅንጦት ነው፣ ዋናው የኛ ነው።

አሁን አማቼ ነው ሚነዳልኝ። ጥሩ ሰው ነው ግን ሳይክል አይወጣም፣ ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ እሱ ሁሌ ሹፌር እኔ ሁሌ ወራጅ፣ ይሄ ደግሞ ደስ አይልም፣ ታች ስደርስ ስለ ጉቶዋ ላወራው እፈልጋለሁ እሱ ስለ ናፍጣ ያወራኛል። በዛ ላይ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ነው ሚወርደው፣ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝልህ ብለው አይሰማም፣ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ከተቃጠለ ፍሬኑ ሽታ ሸማ ሻጮቹ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንተ ጃንሜዳ በኪራይ ሳይክል ስንማር ሰዓት ሳያልቅ እኩል በእኩል ተካፍለህ የምትሰጥ ልጅ ነበርክ፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ለገና ና። መሬቱ ደርቆ አቧራው ገና ያልበዛበት ጊዜ ነው። በክረምት ከመጣህ ቫኗን እርሳት፣ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ሳይክሉ መዞር ያቆማል፣ ያኔ ቤት ቁጭ ብለን ክትፎ እንበላለን። ስትመጣ የሺማኖ የፍሬን ሸራ አምጣልኝ፣ ባለ አራት ፒስተኑ ነው፣ የአሮጌውን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ ከዛ አይተህ ግዛ። የፍሬን ዘይቱ ሚኒራል ኦይል ነው፣ እዚህ ሱቅ ስትጠይቅ ዶት የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት ነው ሚሰጡህ፣ ያ ከገባበት ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች በልቶ ይጨርሳቸዋል። የ29 ኢንች ከመነዳሪም ሁለት ሶስት ጣል አርግ።

እና መንጃ ፈቃድህ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ካሁኑ እይ፣ መጀመሪያ ምትነዳው አንተ ነህ፣ እኔ ቀድሜ እወርዳለሁ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው፣ ማታ ደውል።

ያንተው