ጌጁንስ ነገራችሁን፣ ዚንኩስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ሰበታ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮ ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው ያው አንድ ነገር ነው፣ ስንት ጌጅ ነው? ባለ 32 ነው ባለ 28 ነው ይባላል፣ ዋጋ ይከራከሩና ተጭኖ ይሄዳል። ጌጅ እኮ የቆርቆሮውን ውፍረት ነው የሚናገረው፣ ዝገት የሚከላከለው ግን ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው፣ እሱን ደግሞ የሚጠይቅም የሚናገርም የለም። እኩል ጌጅ ሆነው አንዱ ቶሎ ቡናማ ሲሆን ሌላው ዓመታት የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው፣ ሞል (አቶም በብዛት የሚቆጠርበት መለኪያ) ላይ ስንደርስ ልጆቹ "ቲቸር ይሄ ምን ይሠራልናል" ይላሉ፣ ጣራችሁ ላይ ያለውን አቶም ቁጠሩበት እላቸዋለሁ። 5 በ5 ሴንቲሜትር ቁራጭ ትመዘናለች፣ ቀጠን ያለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ትገባለች፣ አረፋው ድንገት ሲቀንስ ቶሎ ማውጣት ነው ምክንያቱም ከዛ በኋላ የሚበላው ብረቱን ነው፣ ታጥባ ደርቃ እንደገና ትመዘናለች። (የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይጠጋ። ሚዛኑም እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን፣ ላብ ውስጥ ከሌለ ወርቅ ቤት አይጠፋም።)

እንበልና 0.25 ግራም ቀነሰች፣ ያ የሄደው ዚንኩ ነው። ለ65.38 (የአንድ ሞል ዚንክ ክብደት በግራም) ሲካፈል 0.0038 ሞል ነው፣ በአቮጋድሮ ቁጥር (አንድ ሞል ውስጥ ባለው የአቶም ብዛት) ሲባዛ 23 ጽፋችሁ 20 ዜሮ የምትደረድሩበት ያህል አቶም ይመጣል። ብዙ ይመስላል አይደል? ግን የሁለቱም ፊት ድምር 50 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ የዚንክ ዴንሲቲ ደግሞ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.14 ግራም፣ ስለዚህ ውፍረቱ በአንድ ፊት 7 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሰባት ሺህኛ) ብቻ፣ አቶሞቹን አንዱን ባንዱ ላይ ብትከምሩ 28 ሺህ ገደማ። በዝናቡና በብረቱ መሀል ያለው በቃ ይሄ ነው፣ እሱም ዝም ብሎ የሚሸፍን ሳይሆን ብረቱ እንዳይበላ ቀድሞ እየተበላ የሚያልቅ ነው።

በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ሲሰላ ይሄ የሁለቱም ፊት ተደምሮ 100 ግራም ነው፣ ዜድ 100 የሚባለው። ዜድ 275 በአንድ ፊት 19 ማይክሮን ይደርሳል፣ ወደ ሦስት እጥፍ ማለት ነው፣ በዓይን ግን ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ ያብረቀርቃሉ፣ ማን ይለያቸዋል?

ቁጥሩን አምራቹ ያውቀዋል፣ ዚንክ በኪሎ ከብረቱ የሚወደድ ስለሆነ ሳይቆጥር አይለብጥም። ታዲያ ከጌጁ ጎን በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ ይታተምልን፣ ነጋዴውም ደረሰኝ ላይ ይጻፈው።

የኬሚስትሪ መምህር፣ ከሰበታ