አልታመምኩም፤ «ዋይ» የሚለው ወረቀቱ ላይ አለ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ደሴው የሙዚቃ ምሽት ባወጣችኋት አጭር ዜና «የትሮምቦን ተጫዋቹ በድንገተኛ ሕመም ሥራቸውን መሃል ላይ አቋረጡ» ብላችኋል። ተጫዋቹ እኔ ነኝ። ምንም አላመመኝም።

የተጫወትኩት ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሉቺያኖ ቤሪዮ እንደ ፈረንጆቹ በ1966 የጻፈውን «ሴኩዌንዛ 5» ነው። ፒያኖ የለ፣ ባንድ የለ፣ አንድ ትሮምቦን ብቻ። ቤሪዮ ልጅ ሳለ ጎረቤቱ የነበረውን ግሮክ የሚባል የስዊዝ የሰርከስ ቀልደኛ ሊያስታውስበት ነው የሠራው። ስለዚህ ተጫዋቹ መሣሪያውን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ነፋ ሲባል ይተወዋል፣ ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው በእንግሊዝኛ «ዋይ?» ይላል። «ለምን?» ማለቱ ነው። ይሄኔ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ክፍል ይጀምራል።

እንግዲህ ደሴ ውስጥ ጸጥ ባለ አዳራሽ «ዋይ!» ስትል ምን እንደሚመስል አስቡት። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ ስለማመድ ቃሉን አንድ ቀን በአማርኛ ጆሮ አልሰማሁትም። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ እናት «እኔን ልጄ!» አሉ። እኔ እንደተጻፈው ቁጭ ስል መድረክ መሪው ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣና ማይኩን አንስቶ «ትንሽ አሞት ነው፣ አጨብጭቡለት!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ምን ላድርግ? እጅ ነስቼ ወረድኩ።

የሚቆጨኝ ያልተሰማው ክፍል ነው፤ ከባዱ እሱ ነው። በከንፈርህ አንድ ድምፅ እየነፋህ በጉሮሮህ ሌላ ታዜማለህ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ቱቦው ውስጥ ሌላ ነገር ይንቀጠቀጣል። ትሮምቦን እንደ ትራምፔት የሚጫን ቁልፍ የለውም፣ ድምፅ የሚቀየርባቸውን ሰባቱን የቱቦ ቦታዎች ቀኝ እጅህ ቱቦውን እየሳበ በጆሮህ ነው የሚያገኛቸው። ግራ እጅህ ደግሞ የመሣሪያውን አፍ በክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የኔ ክዳን ሽንት ቤት ሲደፈን የሚጠቀሙበት ላስቲክ ነው፣ እንጨቱን ነቅዬ። አዲስ ነው፣ አትሳቁ፤ የአሜሪካ የጃዝ ነፊዎችም ከድሮ ጀምሮ የሚይዙት ይህንኑ ነው። ብርዱም አለ። ብረት ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ተራዬ እስኪደርስ ትሮምቦኑን በጋቢ ጠቅልዬ ነው የቆየሁት፣ እኔ በሸሚዝ!

ተመልካቹን አልወቅስም። እስከዚያች «ዋይ» ድረስ ሳል እንኳ አልተሰማም። ባቲና አምባሰል ሲባል ያደገ ሰው ነው፣ ጆሮው ይታገሣል። ጋዜጠኛችሁ ግን መጋረጃ ጀርባ ሁለት እርምጃ ገብቶ «ምን ነካህ?» ቢለኝ ምን ነበረበት?

በቅርቡ ኮምቦልቻ ልደግመው አስቤያለሁ። «ዋይ»ን በ«ለምን» ልተካው ወይስ ደራሲው እንዳለው ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም። መድረክ መሪውን ግን አስምለዋለሁ።

እባካችሁ እርማቱን ቶሎ አውጡልኝ። እናቴ ዜናውን ሰው አንብቦላት ከኮምቦልቻ በጠዋት ሁለቴ ደውላ «የት ጋ ነው ያመመህ?» እያለችኝ ነው፣ ሙዚቃ ነው ብላት አላመነችኝም።

ትሮምቦን ነፊው፣ ከደሴ