የአረር ክብደት ብቻውን የባሩድ ልክ አይነግርም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ጥይት በእጅ ስለ መሙላት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ «የአረሩ ክብደት አንድ ከሆነ ሠንጠረዡም አንድ ነው» የሚል ምክር አለ፤ ሠንጠረዥ የተባለው ለየአረሩ የሚገባውን የባሩድ ልክ የሚያሳየው ዝርዝር ነው። ይህ ሳይታረም ከቀረ ጣትና ዐይን ሊያሳጣ ስለሚችል ነው የምጽፈው። በተለይ የሚጎዳው እርሳስ አቅልጦ በሞልድ አረር እያወጣ በሪቮልቨር (ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ በሚቀመጥበት ሽጉጥ) የሚተኩሰው ሰው ነው።

ባሩዱ የሚነድበትን ቦታ የሚወስነው አረሩ ቀለሁ ውስጥ የገባበት ጥልቀት ነው። ሁለት ባለ 158 ግሬን (10 ግራም ገደማ) አረሮች፣ አንዱ ክብ አፍንጫ፣ አንዱ ትከሻ ያለው፣ ሚዛን ላይ እኩል ሆነው ቀለህ ውስጥ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱን ርዝመት በሚለካው ካሊፐር ማግኘት ይቻላል፤ የአረሩና የቀለሁ ርዝመት ይደመርና የተሞላው ጥይት ጠቅላላ ርዝመት ይቀነሳል። ለምሳሌ ቀለሁ 29.2 ሚ.ሜ፣ አረሩ 17.5፣ ጥይቱ 37.0 ቢሆን አረሩ 9.7 ሚ.ሜ ገብቷል ማለት ነው። ሠንጠረዡ የተሠራበት አረር የገባው 8.2 ብቻ ከሆነ የ1.5 ሚ.ሜ ልዩነት አለ። ይህ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይወስዳል። የ.38 ስፔሻል (የሪቮልቨር ጥይት ዓይነት) ባዶ ቀለህ በሙሉ የሚይዘው 1.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያም ላይ ከሲሶ በላይ አረሩ ራሱ ይዞታል። በፈጣን ባሩድ እንዲህ ያለ መጥበብ ግፊቱን በኃይል ያንረዋል።

ስለዚህ የሚታመን ሠንጠረዥ የአረሩን ቅርጽ፣ ቅይጡን፣ የጥይቱን ጠቅላላ ርዝመት፣ የፕራይመሩን (ባሩዱን የሚለኩሰውን ክፍል) ዓይነት፣ የባሩዱን መነሻና ጣሪያ ልክ የሚናገር ነው። የባሩድ አምራቹን ሠንጠረዥ አስቀድሞ ማየት፣ በሌላ የታተመ ምንጭ ማመሳከር፣ ሁለቱ ከተለያዩም ዝቅተኛውን መያዝ ነው። ትክክለኛው አረር ካልተገኘ፣ በክብደቱም በሚገባበት ጥልቀትም ከእርሱ ለማያንስ የእርሳስ አረር ከተሰጠው መነሻ ይጀመራል። ኤች-110ን የመሳሰሉ ዘገምተኛ ባሩዶች ግን ከታዘዘው በታች መቀነስን አይወዱም፤ ለቀላል የእርሳስ ጥይትም አይሆኑም። መዳብ ለለበሰ አረር ደግሞ የእርሳስን ልክ መዋስ አይገባም፤ መዳቡ በርሜሉን አጥብቆ ስለሚይዝ በአነስተኛ ባሩድ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ለ.357 ማግነም (ከ.38 ለበረታው ጥይት) የተሰጠ የባሩድ ልክ .38 ቀለህ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ማግነሙ ሲወጣ ቀለሁ ከ3 ሚ.ሜ በላይ የተረዘመው ከአሮጌዎቹ ሽጉጦች ጎጆ (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የሲሊንደር ቀዳዳ) ውስጥ እንዳይገባ ነው። የአሜሪካው የመሣሪያና የጥይት አምራቾች ድርጅት፣ ሳሚ፣ ያወጣው የግፊት ጣሪያ ለ.38 ስፔሻል 17,000፣ ለማግነሙ 35,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው።

በርሜሉ እርሳስ ሲቀባ ብዙ ሰው ቅይጡን ለማጠንከር ይሮጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአረሩ ውፍረት ልክ አለመሆን ነው። ለስላሳ እርሳስ በየጎጆው የፊት አፍ አሳልፎ በማይክሮሜትር መለካት ያስፈልጋል፤ አፉ 9.09 ሚ.ሜ ከሆነ አረሩም 9.09 ይሁን። አፉ ከበርሜሉ ቦይ (ከውስጡ ጠመዝማዛ ጉድጓድ) ከጠበበ ግን አረሩን አጥብቦ ያሳልፈዋል፤ ጋዙ በጎኑ ሾልኮ እርሳሱን ይልጠዋል። በርሜሉ መግቢያ ላይ፣ በመጀመሪያው ሴንቲ ሜትር፣ ግራጫ ቅጠል የመሰለ ልጣፍ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የጎጆውን አፍ መሣሪያ ጠጋኝ ካላሰፋው የትኛውም ሠንጠረዥ አያድነውም። ስለ ጥንካሬ ደግሞ የብሪኔል ቁጥሩን (የቅይጡን ጥንካሬ መለኪያ) በ1,422 ማባዛት ቅይጡ ለሚመጥነው ግፊት ጥሩ መገመቻ ነው፤ 12 ከሆነ 17,000 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይሰጣል፣ ይኸውም የ.38 ጣሪያ ነው። ለቀላል ጥይት 20 የደረሰ ቅይጥ ከቶ አያስፈልግም፤ አረሩ ሰፍቶ በርሜሉን ሳይደፍን ይቀራል።

በአሞላል ጊዜ የቀለሁ አፍ በትንሹ ካልተከፈተ ጠርዙ እርሳሱን ይፍቀዋል። አፉ ተመልሶ አረሩ ላይ ባለው ቦይ ካልታጠፈ ደግሞ ርግጫው አረሩን ወደ ፊት ይስበውና ሲሊንደሩ አልዞር ይላል። መፈተኛው ስድስት ጎርሶ አምስት መተኮስና የስድስተኛውን ርዝመት እንደገና መለካት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እጥፍ ባሩድ ነው። የ.38 ቀለህ መጀመሪያ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ በመሆኑ ሰፊ ነው፤ ፈጣን ባሩድ ከታች ጥቂት ብቻ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ቢደፋም አይፈስም። ባሩድ የገባባቸውን ቀለሆች ሁሉ በመደርደሪያው አቁሞ፣ አረር ከመጫን በፊት በመብራት አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ማየት ይገባል። ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ከታየ ተደፍቶ እንደገና ይመዘናል። ተኩሱ ከወትሮው ደክሞ ከተሰማ፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቃታው ዳግመኛ አይሳብም። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ትንሽ ይጠበቅና ሲሊንደሩ ይከፈታል፤ ጥይቶቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ በዘንግ በርሜሉ ክፍት መሆኑ ይረጋገጣል።

እርማቱ በሚቀጥለው ዕትም፣ ምክሩ በወጣበት ገጽ ላይ እንዲታተም እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ