ከሐዋሳ ሳትወጪ

ይድረስ ለውድ እህቴ፦

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? ጋሼስ ደህና ናቸው? እኛ እዚህ ዱባይ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቪዛሽ መውጣቱን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ስለ ልብሱና ስለ ሻንጣው ጓደኞችሽ ይነግሩሻል፤ እኔ የምጽፍልሽ ስለ ገንዘቡ ነው። ባንክ አንዳንድ ነገሮችን ራስሽ በአካል ካልቀረብሽ አይሠራልሽም። እነዚያን ፒያሳ ወርዶ መመለስ በሚቻልበት በዚህ ሳምንት ጨርሻቸው።

ከሁሉ በፊት ሲም ካርድሽ። ሞባይል ባንኪንግሽም ቴሌብርሽም የታሰሩት ከዚያ ቁጥር ጋር ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው በዚያው ነው። ቴሌ ሄደሽ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቂ። ብዙ ሴቶች የሚይዙት ሲም በወንድም ወይም በሌላ ዘመድ ስም የወጣ ነው፤ ሲሙ የጠፋ ዕለት ምትክ የሚሰጠው ለዚያ ሰው እንጂ ለእነሱ አይደለም። የአንቺም እንደዚያ ከሆነ ወደ ስምሽ አዙሪው። ሮሚንግ (ቁጥሩ ውጭ አገርም እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት) አስከፍተሽ ይዘሽው ነይ፤ ለማንም ትተሽ እንዳትመጪ። ሳይሞላበትና ሳይደወልበት ብዙ የቆየ ቁጥር ይዘጋልና በየወሩ ትንሽ ካርድ ይሞላበት።

የባንኩን መተግበሪያ ይዘሽ በምትመጪው ስልክ ላይ አስጭኚ። ስልክ ሲቀየር ብዙ ጊዜ እንደገና ማስከፈት ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ቅርንጫፍ ያስኬዳል። ከቅርንጫፉ ሳትወጪ 50 ብርም ቢሆን ለእማዬ ልከሽ ሞክሪው። ሠራተኛዋ «ተከፍቷል» ስላለችሽ ብቻ አትመለሺ።

የስምሽን አጻጻፍ ደግሞ ተመልከቺ። ፓስፖርትሽ፣ ፋይዳሽና የባንክ ደብተርሽ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም በአንዲት ፊደል እንኳ መለያየት የለበትም። የአያታችን ስም ኃይለማርያም መሆኑ ራሱ ችግር ነው፤ አንዱ ጋ አንድ ቃል፣ ሌላው ጋ ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል። የልደት ቀንሽም በእኛና በፈረንጆቹ አቆጣጠር መካከል ተምታቶ 7 ወይም 8 ዓመት እንዳይዛነፍ አረጋግጪ። የተሳሳተ ካለ ፓስፖርቱን መሠረት አድርገሽ ባንኩ ጋ አሁኑኑ አስተካክዪ።

ለጋሼ ውክልና ልትሰጪ ማሰብሽን እማዬ ነግራኛለች። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለው ስያሜ አያታልልሽ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው ተራ የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ባንኩ ደግሞ «ከሒሳቧ ገንዘብ እንዲያወጡ» የሚል ግልጽ ቃል ካላገኘ ጋሼን ይመልሳቸዋል። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የባንኩ ስም፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ ገንዘብ ማውጣቱና ማስተላለፉ፣ የሚፈለገው ሁሉ አንድ በአንድ ይጻፍ። ሐዋሳ ላይ ቀላል የሆነው ይህ ጉዳይ ከዚህ ሲሆን ቆንስላ ሄዶ መፈረም፣ ወረቀቱን መላክ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስረጋገጥ አለው። ክፉ አያሰማን እንጂ ወካይ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የሚወጣው ፍርድ ቤት በሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ነው። እኔን ካማከርሽኝ ግን ውክልናው ለመሬቱና ለቤቱ ጉዳይ ይሁን፤ የቁጠባሽን ብር ራስሽ በስልክሽ አስተዳድሪው። ጋሼን ስለማላምን አይደለም። ዘመድ በቸገረው ቁጥር «ውክልና ይዘዋል» ተብሎ ወደ እሳቸው እንዳይኬድ ነው።

ሁለት ሒሳብ ይኑርሽ። አንዱ የእማዬ፣ በስሟ፣ የወር አስቤዛ የሚገባበት፤ ሌላው የአንቺ፣ ማንም የማይነካው። አንድ ላይ ሲቀላቀሉ በዓመቱ ስንቱ ተበላ ስንቱ ተረፈ ማለት አይቻልም፤ የቤተሰብ ቅያሜም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እዚህ ስትደርሺ ባንክ የሚከፈትልሽ የኤምሬትስ መታወቂያ ስታገኚ ነው። ቁጥሩ 15 አሃዝ ሆኖ በ784 ይጀምራል። ብዙ ባንኮች ሒሳቡ ውስጥ 3,000 ድርሃም ካልተቀመጠ በየወሩ ይቆርጣሉ፤ ከ3,000 በታች ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሳያውቀው ገንዘቡ ያልቃል። ስለዚህ ሳትፈርሚ «ዝቅተኛው ተቀማጭ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ደመወዝ ለሚገባበት ሒሳብ ይህን የማይጠይቁ አሉ። መታወቂያሽ ሲታደስ ያን ዕለቱን ለባንኩ አሳውቂ፤ ጊዜው ካለፈ ካርድሽን ያግዱታል።

አሁን ወደ ገንዘብ አላላኩ ልምጣ። ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1,000 ድርሃም ማለት 272 ዶላር ገደማ ነው። የሚዋልለው በብሩ በኩል ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን እያንዳንዱ ባንክ የየራሱን ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ «የማስተላለፊያ ክፍያ የለንም» የሚለውን ማስታወቂያ ብቻ አይተሽ አትላኪ። ለምሳሌ አንዱ የገንዘብ መላኪያ ቤት 22 ድርሃም አስከፍሎ አንዱን ድርሃም በ38 ብር ይመነዝራል እንበል፤ ሌላው ምንም ሳያስከፍል በ37.40። በእጅሽ 1,000 ድርሃም ካለ የመጀመሪያው 37,164 ብር ያደርስልሻል፣ ሁለተኛው 37,400። በእጅሽ 2,000 ካለ ግን የመጀመሪያው 75,164፣ ሁለተኛው 74,800 ይሆናል። መልሱ በሚላከው መጠን ይገለበጣል። መስኮቱ ጋ ቆመሽ የምትጠይቂው «ይህን ያህል ብሰጥ ስንት ብር ይደርሳል?» ብቻ ይሁን። ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት (የተለያየ አገር ባንኮች በሚላላኩበት መረብ) የሚላከው ለትልቅ ገንዘብ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለ አገናኝ ባንክ የራሱን ስለሚቆርጥ ለትንሽ ገንዘብ አያዋጣም።

ፎርሙን ስትሞዪ ሰው የሚሳሳተው ሒሳብ ቁጥሩ ላይ ነው። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ሆኖ በ1000 ይጀምራል፤ ከሦስቱ ዜሮዎች አንዷ ትረሳለች። ደረሰኙን ሳትቀበዪ በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪ። አገራችን አይባን የሚባለውን፣ አውሮፓም ይህ አገርም የሚሠሩበትን ረጅም የሒሳብ ቁጥር አትጠቀምምና ሠራተኛው ቢጠይቅሽ የባንኩን ስዊፍት ኮድና ሒሳብ ቁጥሩን ስጪው። እማዬ በጥሬው የምትቀበል ከሆነ በዌስተርን ዩኒየን የሚሰጥሽ ኮድ 10 አሃዝ ነው፤ ከእሷ ሌላ ለማንም አይነገር። ስሟን መታወቂያዋ ላይ እንዳለው እስከ አያቷ ጻፊ። የመታወቂያዋ ጊዜ አልፎ ከሆነ ገንዘቡ አይሰጣትም፤ ዛሬውኑ እይላት።

ዓመት ከሞላሽ በኋላ ደግሞ በፓስፖርትሽና በመኖሪያ ፈቃድሽ የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ትችያለሽ። ለቤት ወይም ለሱቅ የምትይዢው ገንዘብ በዚያ ይቀመጥ። ምንዛሪው ሊለወጥ ሰሞን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 በላይ ነው፤ ቁጠባውን በብር ያስቀመጠ ሰው ምን እንደደረሰበት አስቢው።

«እዚህ ድርሃሙን ስጪኝ፣ ወንድሜ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ላይ ብሩን ለእናትሽ ይሰጣል» የሚሉሽ ይበዛሉ። ዋጋቸው ከባንክ ይሻላል፣ እውነት ነው። ግን ሕገ ወጥ ነው፣ ደረሰኝ የለውም፣ ሰውየው ስልኩን ቢዘጋ የምትከሺበት ወረቀት የለሽም። እማዬ ሒሳብ ላይ ከማታውቀው ሰው በየወሩ ብር ሲገባ ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ናት። ይህን እህቴ እንድታደርጊ አልፈልግም።

እማዬን ቁጭ አድርገሽ አንድ ነገር ንገሪያት፦ «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» የሚል ሰው ሌባ ነው። «በስህተት ብር ልኬብሻለሁ፣ መልሺልኝ» የሚል መልእክት ከመጣም ሒሳቧን ሳታይ ምንም አትላክ። ንግድ ባንክን በ951 ደውላ ትጠይቅ። ቁጥሩን በትልቁ ጽፈሽ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጥፊላት።

የሁለቱንም ደብተር የፊት ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ስምና ቁጥሩን ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያይቼ እመልስልሻለሁ። የበረራሽ ቀን ሲቆረጥም ወዲያው አሳውቂኝ፣ ኤርፖርት እቀበልሻለሁ። እማዬንና ጋሼን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ ከዱባይ