«ሲግናል ፕሮብሌም» ሲባል ሐዲዱ ላይ ስላለው ሰው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ልገዛ ስሄድ ከሱቁ በር ላይ ነው የማነሳው፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የማየው የኪራይ ቤት ማስታወቂያውን ነው፣ ባለፈው እትም ግን ስለ ባቡር መዘግየት የወጣውን ጽሑፍ ሳነብ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ቆየሁ። ጸሐፊዋ እህታችን ሥራ መግቢያዋ እንዴት እንዳለፈባት የጻፈችውን አልክድም፣ በሰዓት ለሚከፈለው ሰው 40 ደቂቃ ቀልድ አይደለም። ግን ሲግናል ፕሮብሌም የሚሉት ነገር፣ የባቡር መብራት ተበላሸ ማለት፣ የስንፍና መሸፈኛ ነው ብላ ስታልፍ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ሲግናል ፕሮብሌም ሲባል ሌሊት ተደውሎለት ከአልጋ የሚነሳው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። በዲቪ መጣሁ፣ እንደ ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓርኪንግ ከዚያ ታክሲ፣ አገር ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬ ስለነበር አንድ ታክሲ የጫንኩት ሰውዬ የባቡር ድርጅት ሰው እየቀጠረ ነው ብሎኝ አመለከትኩ፣ ይኸው 17 ዓመት ሆነኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ፈቃድ አልጠየቅኩም ደግሞም እንጀራዬ ነው። ጠዋት ከከተማ ዳር ሰው ጭኖ መሀል ከተማ የሚያስገባ፣ ማታ የሚመልስ ኮሚዩተር ባቡር ነው በቃ። አሁን 6 ዓመት ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ ስሬ 11 ሰው አለ፣ ሥራችን መብራቱን፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን ስዊች፣ መኪና የሚያቋርጥበትን ክሮሲንግ መፈተሽና መጠገን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፣ አይከብድም። ሐዲዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፣ በየክፍሉ መሀል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መገጣጠሚያ አለ። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ እንለቅበታለን፣ በሐዲዱ ሄዶ ሌላው ጫፍ ያለውን ሬሌይ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ያነሳዋል። ሬሌዩ ከተነሳ ክፍሉ ባዶ ነው። ባቡር ሲገባ ጎማውና አክሱ ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በዚያ አቋርጦ ይመለሳል፣ ሬሌዩ ይወድቃል፣ ቀይ ይበራል። ሽቦ ቢበጠስም ባትሪ ቢደክምም ብዙውን ጊዜ ሐዲዱ ራሱ ቢሰበርም ሬሌዩ ይወድቃል፣ ማለትም ሲስተሙ እርግጠኛ ካልሆነ «ቁሙ» ነው የሚለው። ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1872 ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ ነው፣ ከዓድዋ 24 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ እስከዛሬ ባቡር ላይ ባቡር እንዳይወጣ የሚጠብቀው እሱ ነው። አሁን ፒቲሲ የሚባል ባቡሩን በኮምፒውተር የሚያቆም ነገር ተጨምሮበታል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ኮምፒውተሩም ቢሆን መንገዱ ባዶ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው ያችኑ ሬሌይ ነው።

እንግዲህ ባቡር ሳይኖር ቀይ ሲበራና እናንተ መሀል ሜዳ ላይ ስትቆሙ ሲስተሙ ሥራውን እየሠራ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ የተነሰነሰበት ጨው ከበረዶው ጋር ይቀልጥና መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል፣ የብረት ብናኝ ይጠራቀማል፣ ወይ ሌባ መዳብ ፈልጎ ሽቦ ቆርጦ ሄዷል (የመዳብ ሌባ ነገር ስንቱን ጠዋት እንዳበላሸብኝ እኔ ነኝ የማውቀው)። ይሄ ያናድዳል እንጂ ሰው አይገድልም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ተቃራኒው ነው፣ ባቡር እያለ ባዶ ነው ሲል።

ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። ጁን 22 ቀን 2009፣ ሰኞ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት፣ የዋሽንግተን ዲሲ ሜትሮ ሬድ ላይን ላይ በታኮማና በፎርት ቶተን ጣቢያ መሀል አንዱ ባቡር የቆመውን ከኋላ መጥቶ ወጣበት፣ ሾፌሯን ጨምሮ 9 ሰው ሞተ። የአደጋ መርማሪው ኤንቲኤስቢ ያወጣውን ሪፖርት እኔ በየዓመቱ ለክሪዬ፣ ስሬ ላሉት ልጆች ማለት ነው፣ አነብላቸዋለሁ፣ ሰልችቷቸዋል። ከአደጋው 5 ቀን በፊት እዚያች ክፍል ላይ አንድ ዕቃ ተቀይሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የክፍሏ ሰርኪት (በሐዲዱ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ዑደት) ባቡር ማየት አንዳንዴ እያቃተው ነበር፣ ሌሎቹ ባቡሮች ግን እየተንደረደሩ ስላለፉት ማንም ልብ አላለም። የዚያን ቀን አንዱ ባቡር ሙሉ በሙሉ ክፍሏ ውስጥ ቆመ፣ ከሲስተሙ ጠፋ፣ ለኋለኛው መንገዱ ክፍት ነው ተባለ። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ በ2005 እዚያው ሜትሮ ላይ ሮዝሊን ጣቢያ ጋ ተመሳሳይ ነገር ተፈጥሮ ለጥቂት ተርፎ፣ ይህን ዓይነት ብልሽት የሚይዝ የፍተሻ ዘዴ ኢንጂነሮቹ አዘጋጅተው ነበር፣ ፍተሻው ግን ሐዲድ ላይ ወደሚሠራው ሰው በወጉ አልወረደም። ወረቀቱ አለ፣ ሰውዬው አያውቀውም። ከዚያ አደጋ በኋላ የሜትሮ ባቡሮች በእጅ እንዲነዱ ተደረገ፣ ሬድ ላይን ወደ አውቶማቲክ የተመለሰው በ2024 ዲሴምበር ነው፣ 15 ዓመት መሆኑ ነው።

ሱፐርቫይዘር ምን ይሠራል ብትሉኝ እንግዲህ ይሄንን ነው፣ ወረቀቱን ሰውዬው ጋ ማድረስ። መጠገኑን ልጆቹ ከኔ የተሻለ ይችሉበታል። እኔ ከጠገኑ በኋላ ፈትሹ የምል ነኝ፣ የባቡሮቹን ጉዞ የሚመራው ዲስፓቸር በየ5 ደቂቃው እየደወለ ስንት ደቂቃ ቀረህ፣ 3 ባቡር ቆሞብኛል ሲል ስልኩን የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ጆሮ እንዲደርስ አልፈልግም፣ ምክንያቱም የቸኮለ ሰው እጁ ላይ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አለቀ ማለት አይደለም፣ ሐዲዱን ሆን ብለን በሽቦ አገናኝተን ሬሌዩ መውደቁን እናያለን፣ ስዊች ከሆነ ሩብ ኢንች ብረት መሀሉ እንከትና መቆለፍ እምቢ ማለቱን እናረጋግጣለን፣ ካልተፈተሸ አልፈርምም። እህታችን ከጠፋባት 40 ደቂቃ ምናልባት 15ቱ ጥገና ነው፣ የቀረው ይሄ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በ2ኛ ዓመቴ ይመስለኛል፣ ሌሊት ሐዲድ ዳር ሬሌዮቹ ያሉበት አንድ ትንሽ ቤት ውስጥ እየፈተሽን ነበር፣ ለፍተሻ ጃምፐር የምንለው አጭር ሽቦ እዚህና እዚያ እንሰካለን። ጨርሰን ወጣን፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ መኪናው ሞቋል፣ ፎርማናችን ሽማግሌ ሰውዬ ነበር፣ በሩን ሳይዘጋ ስንት ጃምፐር ይዘህ ገባህ አለኝ። 4። አሳየኝ አለ። 3 ናት። እንዳይመስላችሁ የጮኸ፣ ምንም አላለም፣ የእጅ ባትሪውን ይዞ ተመልሶ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት፣ አራተኛዋ ከታች ረድፍ ላይ እንደተሰካች አለች። ያች ሽቦ እዚያ ብታድር ሬሌዩ ባቡር ገብቶም አይወድቅም ነበር። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ ማታ ከብት ስናስገባ እየቆጠርን ነው በረቱን የምንዘጋው፣ አንዲት ጥጃ ብትጎድል አባቴ በጨለማ ተመልሶ ይሄድ ነበር፣ እዚያች ቤት ደጃፍ ላይ አባቴ ነው የታየኝ። ዛሬ የኔ ክሪው ጃምፐሮች ቀይ ናቸው፣ ቁጥር አላቸው፣ ሲወጡ ይፈረምባቸዋል ሲመለሱ ይፈረምባቸዋል፣ አዲስ የሚገቡ ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

ለንደን ክላፋም ጀንክሽን ላይ ዲሴምበር 12 ቀን 1988 35 ሰው የሞተው በአንድ ሽቦ ነው። አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ አሮጌው በአንድ በኩል ሳይፈታ፣ ጫፉ ሳይሸፈን ቀረ፣ በኋላ ሲነካካ ተመልሶ ከድሮ ቦታው ጋር ተገናኘ፣ ቀይ መሆን የነበረበት ሲግናል ቀይ አልሆነም። ሽቦውን የሠራው ሠራተኛ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው 1 ቀን ብቻ ነበር። ሌላ ሰው መጥቶ ሽቦ መቁጠር ነበረበት፣ አልተቆጠረም። እኔ ይሄን ሳነብ ሠራተኛውን መውቀስ አልቻልኩም፣ አለቃው የት ነበር ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ እኛ ሐበሾችን ትንሽ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። አሜሪካ ውስጥ የሲግናል ሠራተኛ በሕግ ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም (ድንገተኛ ነገር ካልገጠመ)፣ ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። ሕጉ ግን የሚቆጥረው የባቡሩን ሥራ ነው፣ ኡበሩን አይቆጥርም። አንድ ያገሬ ልጅ ነበረኝ፣ ጎበዝ፣ እጁ የተባረከ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሥራ ይመጣል፣ ብሪፊንግ ላይ ቆሞ ዓይኑ ይከደናል። የዚያን ቀን ሉክአውት እንዲሆን ነበር የመደብኩት፣ ሉክአውት ማለት ሌሎቹ ሐዲድ ላይ ሲሠሩ ባቡር መምጣቱን የሚያይ ሰው ነው፣ ሥራው ማየት ብቻ ነው፣ ቁልፍ አቀብለኝ እንኳን አይባልም፣ ባቡሩ ከመድረሱ 15 ሴኮንድ ቀድሞ ሁሉም ሰው ደህና ቦታ መቆም አለበት። ጋሼ ደህና ነኝ እኮ አለኝ። ሂድና ተኛ ብዬ መለስኩት፣ የቀኑ ደሞዝ ተቆረጠበት፣ እናቱ ኩላሊት ታማ ገንዘብ እንደሚልክ አውቃለሁ፣ ለ2 ወር አላናገረኝም። አሁንም ቢሆን መልሼ አደርገዋለሁ ግን ቀላል ነገር አይደለም፣ ሁለት ሦስት ሥራ መሥራትን እንደ ጀግንነት እያወራን ስላሳደግናቸው የኛም እጅ አለበት።

ስለ ሰው ካነሳሁ የሰው እጥረቱም አለ፣ ባለፈው ዓመት 2 ነባር ሰዎቼ ጡረታ ወጡ፣ ምትክ የሚሆን ሰው ለማሠልጠን ዓመታት ይፈልጋል፣ አዲስ ባቡር ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል ፎቶ ይነሳል፣ ለመገጣጠሚያ ማጽጃ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም። ይሄ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በኛ አቆጣጠር መስከረም 2008 ሲጀምር እኔም እንደ ሁሉም ሰው ደስ ብሎኝ ነበር፣ አገር ቤት ስሄድ ከእህቴ ጋር ስታዲየም ጋ ቆመን ሁለቱ መስመሮች በአንድ ሐዲድ የሚሄዱበትን ክፍል ሳፈጥ፣ ሰው ባቡር ያያል አንተ ድንጋይና ብረት ታያለህ ብላ ሳቀችብኝ። የመለዋወጫ ጉዳይ ያንን ባቡር ምን እንዳደረገው የአዲስ አበባ ሰው ከኔ በላይ ያውቃል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ ለአዘጋጁ። ክሮሲንግ ላይ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ቀድሞ ደወሉና መብራቱ መጀመር አለበት፣ ያችን 20 ሴኮንድ እኛ በየወሩ እንፈትሻለን፣ መኪናው ሐዲድ ላይ ለቆመበት ሰው ግን 20 ሴኮንድ ምንም አይደለችም። በየክሮሲንጉ ምሰሶ ወይ ሳጥን ላይ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አለች፣ ስልክ ቁጥርና የክሮሲንጉ መለያ ቁጥር ተጽፎባታል፣ ስልኩ በቀጥታ የባቡሩ ድርጅት ጋ ነው የሚገባው፣ እነሱ ባቡሩን ሊያስቆሙ ይችላሉ። ብዙ ሐበሻ ታክሲና ትራክ እየነዳ ስለ ሰሌዳዋ ሰምቶ አያውቅም፣ ጠይቄ ነው የምላችሁ። ሐዲድ ላይ የመኪናው ሞተር ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ሰውን ሁሉ አውርዱ፣ ከሐዲዱ ወደ ጎን እየራቃችሁ ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል አግድም ሂዱ፣ ወደሚሄድበት በኩል ከሮጣችሁ ስብርባሪው እናንተ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከዚያ ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሉ፣ ሰሌዳዋ ካልታየቻችሁ 911። ደብዳቤዬ ረዝሟል አውቃለሁ፣ ማሳጠር ካለባችሁ የኔን ታሪክ ቁረጡት፣ የሰማያዊዋን ሰሌዳ ነገር ግን እንዳትቆርጡብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲግናል ጥገና ሱፐርቫይዘር