የታሪክ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቤተ መቅደሱና ጎተራው

የታሪክ ክበባችን የ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመንን በአንድ ርእስ ላይ ብቻ እንዲያሳልፍ የተወሰነው በአባላቱ ድምፅ ነው። ቀደም ሲል በየስብሰባው ርእስ እየለዋወጥን ብዙ ነገር እንነካካ ነበር። ዘንድሮ ግን ጥንታውያን እምነቶች የመጀመሪያዎቹን ሥልጣኔዎች እንዴት እንደቀረጹ ለመመርመር የዐሥረኛና የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አጥብቀው ጠየቁ፤ እኔም የክበቡ ተጠሪ እንደመሆኔ ተስማማሁ። በአባላቱ መካከል የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ልጆች ስላሉ ከሁሉ አስቀድመን አንድ ደንብ አወጣን። የምንጠይቀው አንድ እምነት ትክክል መሆን አለመሆኑን ሳይሆን፣ ያመኑት ሰዎች ስላመኑ ምን እንደሠሩ ነው። ደንቡ ዓመቱን ሙሉ ተከብሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሥራችን የተጀመረው በዛሬዋ ደቡባዊ ኢራቅ በነበረችው በኡሩክ ከተማ ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎች የመጀመሪያው ጽሑፍ ጸሎት ወይም የንጉሥ ገድል እንደሚሆን ገምተው ነበር። ይሁን እንጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ሺህ ዓመት መጨረሻ ገደማ የተጻፉት የኡሩክ የሸክላ ሰሌዳዎች በአብዛኛው የገብስ፣ የጠላ፣ የበግና የሠራተኛ ቀለብ መዝገቦች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተገኙት ኢናና ለተባለችው አምላክ በተከለለው የኤአና ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ኡሩክ በነበረችበት በጥንቷ ሱመር ቤተ መቅደስ መሬት፣ መንጋ፣ ሸማኔና ጠማቂ ነበረው፤ ወደ ጎተራው የሚገባውና የሚወጣው እህል በቃል ሊያዝ ከሚችለው በላይ ሲበዛ፣ ምልክትን በጭቃ ላይ ማተም ግድ ሆነ። የኢናና ንብረት ስለሆነ ደግሞ መዝገቡን ማጉደል ከሌብነትም የከፋ ነገር ሆኖ ይታይ ነበር ብሎ መገመት አያስቸግርም።

ይህን በእጅ ለመሞከር አባላቱ የሸክላ አፈርና የተቆረጠ ሸምበቆ አምጥተው የክበቡን የሻይና የዳቦ ወጪ በኡሩክ ሥርዓት ጻፉ። ቁጥሩ በሸምበቆው ክብ ጫፍ ይታተማል፤ የዕቃው ምልክት ግን በሾለው ጫፍ ተጭሮ ይሣላል። ጭቃው ሲረጥብ መስመሩ ይዋጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጸሓፊው ፈጥኖ መጨረስ አለበት። የክበቡ ገንዘብ ያዥ የሆነችው ተማሪ፣ መዝገቡ እርጥብ ሳለ ሊታረም ቢችልም ከደረቀ በኋላ ግን ማንም ሳይታወቅበት ሊነካው እንደማይችል አስተዋለች። ከብዙ ገለጻዬ ይልቅ ይህች አስተያየት የሂሳብ መዝገብን ነገር ለሌሎቹ አስረድታለች።

ከዚህ በኋላ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ሰውን በከተማ የሰበሰበው የመስኖ እርሻና የተረፈ እህል እንደሆነ፣ እምነት በኋላ የመጣ ጌጥ እንደሆነ ተከራከረ። ሁለተኛው ወገን በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የሚገኘውን ጎበክሊ ቴፔን በማስረጃነት አቀረበ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9500 ዓመት ገደማ መሠራት በጀመረው በዚህ ስፍራ፣ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሰዎች፣ የሸክላ ዕቃ እንኳ ሳይኖራቸው፣ አንዳንዶቹ 5 ሜትር የሚያልፉ የድንጋይ ዓምዶችን ጠርበው በክብ ቅጥር ውስጥ አቁመዋል። በቁፋሮው የቆዩት ጀርመናዊው ክላውስ ሽሚት ቤተ መቅደስ ከከተማ ቀደመ የሚል አቋም ነበራቸው፤ ከእርሳቸው በኋላ ግን በዚያው ስፍራ የመኖሪያ ቤት ምልክቶች ስለተገኙ ክርክሩ እንደገና ተከፍቷል። ተማሪዎቹ ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልዘጉትን ክርክር እንዲዘጉ አላስገደድኳቸውም።

በግብፅ ላይ ብዙ አልቆየንም፤ በመማሪያ መጻሕፍት በሰፊው የተጻፈበት ነውና። ቢሆንም ግብፃውያን ሐፒ ብለው ያከበሩት የዓባይ ሙላት አብዛኛውን ውሃና ደለል የሚያገኘው ከእኛ ደጋ ክረምት መሆኑ በክፍሉ ውስጥ ደስ የሚል ጫጫታ አስነሥቷል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ ሃይማኖት ነገሥታት ሕዝቡን ለማታለል የፈጠሩት ነው የሚለው አባባል በውይይታችን ደጋግሞ መጣ። የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ የሕግ ድንጋይ ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ ከሕጎቹ በላይ ንጉሡ በተቀመጠው በሻማሽ በፀሐይ አምላክ ፊት ቆሞ የሥልጣን ምልክት ሲቀበል ተቀርጿልና። እኔ ግን መልሱ እጅግ ቀላል ስለሆነብኝ፣ ተማሪዎቹ በቻይና አንያንግ የተገኙትን የሻንግ ሥርወ መንግሥት የጥንቆላ አጥንቶች እንዲያዩ አደረግሁ። የንጉሡ ጠንቋዮች የበሬ ትከሻ አጥንትና የዔሊ ቅርፊት በእሳት አግለው ስንጥቁን ያነቡ ነበር፤ የተጠየቀውንም ጥያቄ እዚያው ላይ ይቀርጹታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዉ ዲንግ ስለ መከር፣ ስለ ዝናብና ስለ ጦርነት ብቻ ሳይሆን ስለ ጥርሱ ሕመምም ጠይቋል፤ ያሳመመው ከሞቱት አባቶቹ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ሕዝብን ለማታለል ብቻ የተፈጠረ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ስለ ራሱ ጥርስ ባልጠየቀ ነበር። የፈራው ከልቡ ነው፤ ፍርሃቱም ከቻይና ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን ትልቅ ክምችት አስገኝቷል።

በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ያደረግነው ጉብኝት ርእሱን ወደ አገራችን አመጣው። አባላቱ ረጅም ጊዜ የቆሙት በአክሱም አካባቢ ከሐውልቲ በተገኘው የኖራ ድንጋይ ዙፋን ፊት ነው። በጠርዙ ላይ የተኙ ዋልያዎች ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል፤ በጎኑ ደግሞ ጢማም ትልቅ ሰው ማራገቢያ ይዞ፣ በፊቱ በትር የያዘ ትንሽ ሰው ቆሞ ይታያል። ዙፋኑ የንጉሥ ነው ወይስ የአምላክ የሚለው ክርክር በአውቶቡስ ውስጥ እስክንመለስ አላባራም።

የየሓን ቤተ መቅደስ ያየነው በፎቶግራፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ አልመቃህ ለተባለው አምላክ የተሠራው ይህ ሕንፃ ያለ ጭቃ በተገጣጠመ የተጠረበ ድንጋይ የቆመ ሲሆን፣ ግድግዳው ዛሬም 14 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ማገልገሉም ሳይፈርስ ለመቆየቱ ምክንያት እንደሆነ ይታመናል። በውቅሮ አካባቢ በመቃብር ጋዕዋ የተገኘው የዚሁ አምላክ መሠዊያ ደግሞ ዋዕራን የተባለ ንጉሥ ስሙን ያስቀረጸበት ነው፤ ጽሑፉ የየሓን ስም ጭምር ይጠቅሳል። ከኡሩክ እስከ ትግራይ ድረስ ንጉሥ ስሙን ለማኖር የመረጠው ቦታ የአምላኩን ቤት መሆኑን አባላቱ ያስተዋሉት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በጥሩ ሁኔታ የተሠራው የአክሱም ቡድን ጥናት ነበር። ንጉሥ ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የጦርነት አምላክ የሆነው የማሕረም ልጅ፣ በጠላት የማይሸነፍ ይላል፤ በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ግን ድሉን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል፤ በገንዘቡም ላይ የክብና የግማሽ ጨረቃው ምልክት በመስቀል ተተክቷል። የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቡድኑ ጸሓፊ፣ የማሕረም ስም ከጽሑፉ ቢወጣም በጠላት የማይሸነፍ የሚለው ማዕረግ ግን እንዳለ መቅረቱን ጠቁሟል። እምነቱ ሲለወጥ የመንግሥቱ አነጋገር ወዲያው አብሮ አልተለወጠም ማለት ነው፤ ይህን ከእኔ አልሰማውም።

በግንቦት ወር በቤተ መጻሕፍቱ ባዘጋጀነው ዐውደ ርእይ የሸክላ ሰሌዳዎቹና የአክሱም ገንዘብ ሥዕሎች ለወላጆች ቀርበዋል፤ ያልተሰበሩት ሰሌዳዎችም እዚያው በመስታወት ቁም ሣጥን ተቀምጠዋል። ለ2017 ዓ.ም. አባላቱ የመረጡት ርእስ ጥንታዊ የውሃ ሥራ ሲሆን፣ በየመን ከሚገኘው የማሪብ ግድብ ለመጀመር ታቅዷል፤ መስኖውን ያስተዳድር የነበረው ንጉሡ ነው ወይስ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ሁለት ተከራካሪ ቡድኖች አግኝቷል።