የበጎ አድራጎት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የገንዘብ ያዣችን መዝገብ

ክበባችን በመስከረም ያጸደቀው ዕቅድ ከወትሮው የተለየ አልነበረም። ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ለከበዳቸው ተማሪዎች ማሟላት፣ የአቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤት ማደስ፣ ልብስ ማሰባሰብና በግቢያችን የተተከለውን ችግኝ መንከባከብ የሚሉ ሥራዎችን ይዞ ነበር። ደብተሩ ተሰጥቷል፤ የሁለት እናቶች ቤት ጣሪያ ታድሷል፤ ልብሱም ተሰብስቦ ለሚገባቸው ደርሷል። ችግኙን ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ግማሽ በግማሽ ፈጅቶብናል፤ የመንዟን ከተማችንን መሐል ሜዳን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይታዘበንም። የተቀረውን ገጽ 34ቱን አባላት ከጥቅምት እስከ ሰኔ ለያዘን አንድ ጉዳይ እንድጠቀምበት የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ፈቅዶልኛል።

ጉዳዩ የክበባችን ገንዘብ ያዥ መታመም ነው። ስሙ እንዳይጻፍ የጠየቀው ራሱ ስለሆነ በዚህ ዘገባ «ገንዘብ ያዣችን» እያልሁ እጠራዋለሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ይህንንም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ አሳርሞኛል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ሲጀምር ኳስ ሲጫወት የተመታ መስሎት ዝም አለ፤ በክረምቱ ቤተሰቡ ሁለት ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ወስደው አሳሹት፤ ሕመሙ ግን ቀን ጋብ እያለ ሌሊት እየበረታ ሄደ። ወጌሻውን የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ የባዮሎጂ መምህር የሆንሁት እኔ መስከረምን ሙሉ ሲያነክስ እያየሁ «ኳሱን ቀነስ አድርግ» ከማለት ያለፈ ነገር አልተናገርሁም። በጥቅምት እብጠቱ ከሱሪው በላይ መታየት ሲጀምር በከተማችን ሆስፒታል ራጅ ተነሣ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ይህ ካንሰር በአብዛኛው አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት በጉርምስና ዕድሜ፣ በተለይም በጉልበት ዙሪያ የሚነሣና በደም በኩል ወደ ሳንባ የመዛመት ጠባይ ያለው ሲሆን የገንዘብ ያዣችንም ሕመም ሲታወቅ ሳንባው ደርሶ ነበር። ለሳምንታት የማይለቅ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እብጠት ያለው የጉልበት ሕመም ከመታሸቱ በፊት መመርመር እንዳለበት አሁን በምገባበት ክፍል ሁሉ እናገራለሁ። ለእሱ ግን ዘግይቷል።

ቀጥሎ ያለውን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ «ይግባ» ያለው እሱ ነው። የምርመራውን ውጤት መጀመሪያ የሰሙት አባቱ ሲሆኑ ለልጃቸው የነገሩት «የአጥንት ቁስለት ነው» ብለው ነበር። ሕመምተኛው ልቡ እንዳይሰበር ክፉ ዜናን ለቤተሰብ ነግሮ ከእሱ መሸሸግ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን እያወቅሁ፣ አባቱን ሳልጠይቅና ልጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳላጣራ፣ በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ነገሩን ለሰልፉ ተናገርሁ። አባላቱም የዘይት ካርቶን በነጭ ወረቀት ሸፍነው፣ «በካንሰር ለታመመው ወንድማችን» የሚል ጽሑፍ ከነሙሉ ስሙ በቀይ ማርከር ጽፈው በዋናው በር አጠገብ አኖሩት። ሐሙስ ዕለት ገንዘብ ያዣችን በአጎቱ ልጅ ትከሻ ተደግፎ መጻሕፍቱን ሊወስድ መጣ። ካርቶኑ ፊት ቆሞ አነበበው፤ ከዚያም ወደ መምህራን ማረፊያ ገብቶ «መምህር፣ እኔ ሳላውቀው ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቀው ነበር ማለት ነው?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ካርቶኑን በዚያው ሰዓት አነሣነው። በማግሥቱ ከርእሰ መምህራችን ጋር ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ስንጠይቅ እናቱ ቡና አፈሉልን፤ አባቱ ግን አቦሉን ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ፤ ከእኔ ጋር እንደ ቀድሞው ሰላምታ የተለዋወጡት ከጥምቀት በኋላ ነው። «እውነቱን አውቆ መታከሙ ይሻላል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ማወቁ ሊሻለው ይችላል፤ ከካርቶን ላይ ማንበቡን ግን የተሻለ የሚያደርግ ምክንያት እኔ አላገኘሁለትም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ማስታወቂያ፣ ማንኛውም የገንዘብ ጥያቄ በቅድሚያ ለእሱ እንዲነበብ ወሰንን። ከሳምንት በኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ የመረጠውም ራሱ ነው፤ «ለሕክምና መጓጓዣ» ይላል፣ ሌላ የለውም።

ገንዘቡ ከተማሪዎች በየክፍሉ በፈቃደኝነት፣ ከመምህራንና ከሠራተኞች ደግሞ ከሁለት ወር ደመወዝ ላይ ተከፋፍሎ ተሰበሰበ። ለገና ሰሞን የአንድ አባል ወላጆች የመንዝ ሙክት ሰጡን። ተማሪዎቹ ቶምቦላ ለማውጣት ቲኬት መቁረጥ ጀምረው ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ቶምቦላ ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እንደማይወጣ ገልጸው ሲያስቆሙን ወደ ጨረታ ዞርን፤ ጨረታ ደግሞ በየንግሡ ጃንጥላና ሻማ ሲጫረት ላደገ ልጅ ማስተማር አያስፈልግም። በወላጆች ስብሰባ ዕለት ሙክቱ በግቢው መካከል ቆሞ፣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደ ደብር አጫራች ድምፁን እየሳበ፣ በመጀመሪያ በ3,200 ብር ተሸጠ። ገዢው ከፍለው «በጉን መልሻለሁ» አሉ። ሁለተኛው ገዢ 3,750 ብር ከፍለው እሳቸውም መለሱ። ሦስተኛው 4,500 ብር ቆጥረው ሰጡና ገመዱን ያዙ፤ «እኔስ ልጆች አሉኝ፤ ገና ደግሞ ነገ ነው» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከአንድ በግ 11,450 ብር ማለት ነው።

የዕድሩ ጉዳይ ግን የልጆቹ ሥራ ነው፤ እኔ «አይሆንም» ብዬ ነበር። የክበቡ ጸሐፊና ሁለት ጓደኞቿ እሑድ የአባላት ስብሰባ ላይ ገብተው ሲጠይቁ ዳኛው ደንቡን አነበቡላቸው፤ ደንቡ ለቀብርና ለኀዘን እንጂ ለሕክምና ወጪ አያደርግም። ነገሩ በዚሁ ሊዘጋ ሲል አንድ አረጋዊ ተነሥተው «ቢሞት ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን ሦስት ቀን እንቀመጥለታለን፤ በሕይወት እያለ ግን ለመኪና አንሰጠውም ማለት ነው?» አሉና ጋቢያቸውን አውልቀው መሬት ላይ አነጠፉት። የዕድሩ ሣጥን አልተነካም። ጋቢው ላይ ግን 6,380 ብር ተቆጠረ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ የት እንደገባ የሚጠይቁን አሉ፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል በመሆኑና የሪፈሩን ሰንሰለት ጠብቆ በመሄዱ በሕክምናው ክፍያ ብዙ ተረድቷል፤ ነገር ግን ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ያልተገኘ መድኃኒት ከውጭ ሲገዛ በእጅ ያለ ገንዘብ ይጠይቃል፤ መኪናን፣ ማደሪያንና የአስታማሚን ምግብ ደግሞ መድኑ አያውቃቸውም። ኬሞቴራፒው በየሦስት ሳምንቱ ነበር። ከመሐል ሜዳ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ በሞላሌና በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ወርዶ ደግሞ ታክሲ አለ። እግሩን ማጠፍ ስለማይችል ለሁለት ሰው ሦስት ወንበር ይከፈላል፤ በመዝገባችን ላይ «የእግር ወንበር» የሚል ወጪ ስድስት ጊዜ የተጻፈው ለዚህ ነው። ማደሪያ በቸገረበት ጊዜ ጸሐፊያችን ጠይቃ ያወቀችውን ለሌሎችም ይጠቅማልና ልጻፈው፦ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከየክፍለ አገሩ ለሕክምና ለሚመጡ ችግረኛ የካንሰር ሕሙማን ማረፊያና ድጋፍ ይሰጣል።

ገንዘብ ማሰባሰቡን አውቀንበታል ማለት ይቻላል፤ ሕመምተኛ መጠየቁን ግን አላወቅንበትም ነበር። ከመጀመሪያው ኬሞ እንደተመለሰ በነበረው ቅዳሜ 19 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ገብተው መደቡን፣ ወለሉንና ደፉን ሞሉት፤ ከእነሱም ሦስቱ ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነጭ የደም ሕዋሳት በጣም ዝቅ ስለሚሉ ለሌላው ቀላል የሆነ ጉንፋን ለሕመምተኛው አደገኛ እንደሚሆን፣ ትኩሳት ከተሰማውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት ያስረዳን የጤና ባለሙያ ባይኖር ኖሮ ፍቅራችን ጉዳት ሊያደርስበት ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ በቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰው፣ የሚያስል የማይሄድበት፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ የሚገባበት ተራ አወጣን። አፉ በቆሰለበት ሰሞን የተማሪዎች እናቶች በርበሬ ያልነካው አልጫ፣ ለብ ያለ አጥሚትና በቀጭኑ የተበጠበጠ በሶ በየተራ ላኩለት።

ምን እንበለው የሚለው ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ቃል «አይዞህ፣ ትድናለህ» ነው። አንድ ቀን ለጸሐፊዋ «አይዞህ የሚለኝ ሰው ሲበዛ መልሼ እሱን ማጽናናት እጀምራለሁ፤ ያደክመኛል» አላት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ አብሮት የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ እስከ ጥር ድረስ ደጃፉን አልረገጠም። ጠርቼ ስጠይቀው «ምን ብዬ ልግባ?» አለኝ። ልወቅሰው አስቤ ነበር፤ ካርቶኑ ትዝ አለኝና ተውሁት። የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ እንዲሄድ ብቻ ነገርሁት። ሄዶ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተነጋገሩም፣ በአንድ የተወርዋሪ አካል ጥያቄ መልስ ግን ሳይስማሙ ተለያዩ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ያደረገው የፊዚክስ መምህሩን መጠየቅ ነበር። ትክክል የነበረው ገንዘብ ያዣችን ነው።

መዝገቡ እንዲመለስለት ያሰበችው ጸሐፊዋ ናት። ሲታመም መዝገቡን ለሌላ አባል ሰጥተን ነበር፤ እረፍት ያስፈልገዋል ብለን፣ እሱን ሳንጠይቅ። በየካቲት ደብተሩንና ደረሰኞቹን ይዛለት ስትሄድ ከትራሱ ቀና ብሎ በርኖሱን ትከሻው ላይ አስተካከለና በመጀመሪያ የጠየቀው ማስመሪያ ነበር። እሱ በሌለበት የተጻፉትን አራት ገጾች እንዳለ ሰርዞ በራሱ እጅ እንደገና ጻፋቸው። ከዚያ በኋላ ለእሱ የሚወጣውን እያንዳንዱን ብር የሚመዘግበው እሱ ሆነ።

በመጋቢት ሐኪሞቹ ኬሞው በሳንባው ያለውን ሊገታው እንዳልቻለ፣ ከእንግዲህ የሚሰጠው ሕክምና ሕመሙን ለማስታገስ መሆኑን ለእሱና ለአባቱ አንድ ላይ አስቀምጠው ነገሯቸው። የሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘለት። የሞርፊን ስም ቤቱን አስደነገጠ፤ አባቱ የመጨረሻ ምልክት መስሏቸው ሕመሙ ካልጠናበት በቀር አይሰጡትም ነበር። ሽሮፑ ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በታዘዘው መጠንና በሰዓቱ መሰጠት እንዳለበት፣ ሆድ ስለሚያደርቅም ለእሱ የታዘዘው መድኃኒት መዘለል እንደሌለበት የጤና ባለሙያው ደጋግሞ አስረዳ። በየአራት ሰዓቱ ስለሆነ ቀንም ሌሊትም 12፣ 4 እና 8 ሰዓት ላይ ነው፤ የዴስክ ጓደኛው በእናቱ ስልክ ላይ ስድስቱንም ደወል ሞላላቸው። ሕመሙ ጋብ ካለለት በኋላ እንቅልፍ አገኘ፤ ከእንቅልፉም ጋር ቀልዱ ተመለሰ።

ከፋሲካ በኋላ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄድ እንደሚፈልግ ሲናገር ክበቡ ውስጥ ክርክር ተነሣ። ለሕክምና የተሰበሰበ ገንዘብ ለጠበል መጓጓዣ ይውላል ወይስ አይውልም? አንዳንዶቹ ሰጪዎቹን ማክበር ነው ብለው ተቃወሙ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የተሰበሰበው ለእሱ ስለሆነ እሱ የጠየቀው ይፈጸም ተባለ፤ ሽሮፑንም ይዞ ሄደ። ውሳኔውን ሰምቶ ግን ወጪውን «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ሳይሆን «ጠበል» ብሎ ለብቻው መዘገበው፤ የሚቃወም ሰው በግልጽ እንዲያየው ነው አለ።

ሰኔ 7 ቀን የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ከጸሐፊዋ ጋር ሣጥኑን ይዘን ሄድን። አልጋው ከመስኮቱ አጠገብ ተጠግቷል፤ ረጅም ሲናገር ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ጸሐፊዋ እያነበበች እሱ በጣቱ ይከተላል። ገቢ 46,550 ብር። ወጪ 42,900 ብር። ከወጪ ቀሪ 3,650 ብር። የሣጥኑን ገንዘብ አሥር አሥር አድርጎ በብርድ ልብሱ ላይ ደረደረው፤ 3,640 ሆነ። እንደገና ቆጠረ፤ 3,640። ጸሐፊዋ ቆጠረች፤ ያው ነው። መሽቶ ስለነበርና እንደደከመው ስላየሁ ከኪሴ አሥር ብር አውጥቼ ከገንዘቡ ላይ አኖርሁ። በሁለት ጣቱ አንሥቶ መለሰልኝና «መምህር፣ የጎደለ ገንዘብ እንደጎደለ ይመዘገባል እንጂ በሰው ኪስ አይሞላም» አለኝ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሒሳብ መጨረሻ ላይ «ጉድለት 10 ብር» የሚለው መስመርና ከሥሩ ያለው ፊርማ የእሱ ነው። ጸሐፊዋ ደረሰኞቹን ከጥር ጀምራ አንድ በአንድ እንድታይ አዝዟታል፤ ቅዳሜ ይጠብቃታል።